እትዬ ሞ ማብሪያውን ያላወረደች ቀን

ሞ ጉይላን በቀትር ለምን አትተኛም?

ራኦ ፔንግ ሦስት ዓመት ሙሉ ከአጠገቧ ሲሠራ ይህን ጥያቄ ሊመልሰው አልቻለም። የፋብሪካ ከተማ በሆነችው ሻጂንግ ውስጥ በቀትር የማይተኛ ሰው የለም። ስድስት ሰዓት ሲሆን ሩዙ ተበልቶ ሳህኑ ይታጠባል። ታጣፊ አልጋ ያለው አልጋውን ይዘረጋል፣ የሌለው ካርቶን አንጥፎ ከሥራ ጠረጴዛው ሥር ይገባል። ከዚያ መብራት ይጠፋና ሁለት መቶ ሰው ያለበት ፎቅ እስከ ሰባት ተኩል ድረስ ጭጭ ይላል። በዚህ ሰዓት የሚደውል ሰው ባለጌ ነው፤ ዕቃ ልጫን የሚል ሹፌርም ተሰድቦ ይመለሳል።

ሞ ጉይላን ግን በጨለማው ውስጥ በትንሽ የፕላስቲክ በርጩማ ላይ ትቀመጣለች። እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ዓይኗን ገልጣ፣ አንድ ሰዓት ተኩል ሙሉ።

ጠይቀዋታል። ለፋብሪካው ጌታ ለኳንግ፣ «ማብሪያውን የሚጠብቅ ሰው ያስፈልጋል» አለችው። ለራኦ፣ «ቀን የተኛ ሌሊት ያፈጣል» አለችው። ከመጋዘን ኃላፊው ከወፍራሙ ሉዎ ጋር ደግሞ በየቀኑ ይነካከሳሉ።

«እትዬ ሞ፣ ዛሬም እኛን ሙሽሮችሽን ስትጠብቂ ልትውዪ ነው?»

«አንተ ተኛ። ስታንኮራፋ የተኛህበት ካርቶን ይንቀጠቀጣል። እሱን እያየሁ ነው የምስቀው።»

«ውሸቷን ነው» ይላል ሉዎ ወደ ሌሎቹ ዞሮ። «ከተኛች ባሏ በህልሟ እየመጣ ይነዘንዛታል።»

ባሏ ዶንግጓን ውስጥ ክሬን ይነዳል፤ የሚገናኙት በእሁድ በእሁድ ነው። ሴት ልጃቸው ናንኒንግ ውስጥ ነርስ ናት። ሞ ከጓንግሺ ተራሮች ወደዚህ የመጣችው በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ሲሆን አሁን ሃምሳ አንድ ሞልቷታል። መጀመሪያ አሻንጉሊት ሰፋች፤ ከዚያ ሬዲዮ በየደች፤ ከዚያ የስልክ ቻርጀር ገጠመች። ላለፉት ዘጠኝ ዓመታት ደግሞ እዚህ፣ የኤሌክትሪክ ሲጋራ የሚሠራበት ፋብሪካ ውስጥ ናት። ቬፕ የሚሉትን ማለት ነው። እሷ ራሷ አንድም ጊዜ ስባው አታውቅም። «እኔ የማውቀው ታቹን ነው» ትላለች። «አፉን ገዢው ያውቀዋል።»

ታቹ ማለቷ የቻርጅ ቀዳዳው ነው። ሥራዋ እሱን መፈተን ነበር። በሥራ ቦታዋ፣ ሙቁ ክፍል በሚሉት ውስጥ፣ ገመድ የተንጠለጠለባቸው የብረት መደርደሪያዎች አሉ። ከእያንዳንዱ ምርት አራት መቶ ቬፕ ይመረጥና እዚያ ላይ ይሰካል። አራት ሰዓት እንደተሰካ ይቆያል፤ ባትሪው ሞልቶም አይነቀልም፤ ሰው ሰክቶ ሲረሳው ምን እንደሚሆን ለማየት ነው። ሞ በመደርደሪያዎቹ መካከል እየሄደች የሌባ ጣቷን አንጓ ቀዳዳው ላይ ታስነካለች። ራኦ አዲስ መጤ ሳለ አላምን ብሎ የሙቀት መለኪያ ይዞ ተከትሏት ነበር። እሷ «አርባ አንድ» አለች። መለኪያው አርባ አንድ ተኩል አለ። ከዚያ ወዲህ መለኪያውን ይዞ አልገባም።

ራኦ ፔንግ የሃያ ስድስት ዓመት ወጣት ነው። በየቬፑ ሆድ ያለችውን፣ ከቀዳዳው የገባውን ኤሌክትሪክ ለባትሪው የምታጠጣውን ትንሽ ቦርድ የሚነድፈው እሱ ነው። የዘንድሮው አዲስ ምርት ቅርጹ ክብልል ስላለ ሠራተኞቹ ጠጠር ብለው ይጠሩታል። በድሮዎቹ ቀዳዳው ከጎን ነበር። ገዢዎቹ መልኩን ያበላሸዋል ስላሉ በጠጠር ላይ ወደ ታች ወረደ፤ እየተነነ የሚሳበው፣ የማንጎ ጣዕም ያለው ፈሳሽ ከሚጠራቀምበት ክፍል ሥር ማለት ነው። ሁለቱን የሚለያያቸው ከጥፍር የማይበልጥ አንድ ላስቲክ ነው። የራኦ ቦርድ ደግሞ ባትሪው ከሞላ በኋላም ጥቂት ጥቂት ማጠጣቷን አትተውም። መብራቷ ሁልጊዜ ሙሉ እንድታሳይ ብሎ ያደረገው ነበር። ሰው ሙሉ ነገር ማየት ይወዳል ብሎ አስቦ።

ያ የኅዳር ቀን አርባ ሺህ ጠጠር ታሽጎ ምድር ቤት የተቀመጠበት ነበር። መኪናው በስምንት ሰዓት መጥቶ ወደ ወደቡ ሊወስደው ተቀጥሯል። ሞ አሥራ አንድ ቀን ፈትናው፣ አሥራ አንድ ቀን «አልፏል» ብላ ፈርማለች። የቀረው ከመጨረሻዎቹ ካርቶኖች የወጣው አራት መቶ ብቻ ነው። እሱንም፣ ውጤቱ ከመኪናው በኋላ የሚደርስ ቢሆንም፣ እንደ ልማዷ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ሰካችው።

አምስት ተኩል ገደማ ራኦን በር ላይ ቆማ ጠራችው።

«ትንሹ ራኦ፣ ና እስቲ አሽትት።»

«ምኑን?»

«ይህን መደርደሪያ።»

ጎንበስ ብሎ አሸተተ። የጋለ ፕላስቲክና የአቧራ ሽታ ብቻ ነው። «ምንም የለም።»

«አሁን የለም። ትናንት በቀትር ነበር። ማንጎ።»

«እትዬ ሞ፣ የሞላነው እኮ ማንጎ ነው። ማንጎ ባይሸት ነበር የሚገርመው።»

«ማንም ያልሳበው፣ የታሸገ ነገር ለምን ይሸታል?»

ራኦ ፈገግታውን ሰበሰበ። ፊቷን ያኔ ነው በደንብ ያየው። ከዓይኗ ሥር ጠቁሯል።

«ትናንት ማብሪያውን አውርጄ ሰው ሁሉ ሲተኛ እንደ ልማዴ ተቀመጥኩ» አለች። «ሸተተኝ። የእጅ ባትሪ አብርቼ በአፍንጫዬ እየተከተልኩ ደረስኩበት። አንዱ ቀዳዳ ላይ የመርፌ ጫፍ የምታህል ጠብታ ነበረች። እስኪ ታድግ እንደሆን ብዬ ቁጭ ብዬ አየኋት። እቃው እየቀዘቀዘ ሲሄድ ተመልሳ ገባች። ሰባት ተኩል ላይ መልሼ ሳበራው ደረቅ ነበር። ቀሪውን ሁለት ሰዓት ጨረሰ፤ አለፈ።»

«አለፈ አይደል ታዲያ?»

«ለምን አለፈ ብዬ ሌሊቱን ሙሉ ሳሰላስል አደርኩ።» ግድግዳው ላይ ወደተለጠፈው የፈተና ወረቀት ጠቆመች። «አራት ሰዓት ይሰካ ይላል። እኛ ሁለት ሰዓት እንሰካለን። ከዚያ አንድ ሰዓት ተኩል እናስተኛዋለን። ከዚያ ሁለት ሰዓት። ቆጣሪው ካቆመበት ስለሚቀጥል ጠቅላላው አራት ይላል፤ እኛም አራት ብለን እንፈርማለን። ቤቱ ያለው ሰው ግን ሲተኛ ቬፑን አብሮ ያስተኛዋል እንዴ?»

 ሕንፃው ድሮ የጃንጥላ ፋብሪካ ነበር፤ የፎቁ መብራትና የሙቁ ክፍል መደርደሪያዎች በአንድ ማብሪያ የተያያዙት ያኔ ነው። ለቀትር እንቅልፍ መብራቱ ሲጠፋ መደርደሪያውም አብሮ ይጠፋል። ይህን የማያውቅ ሰው በፎቁ ላይ የለም። ነገሬ ያለው ግን አንድም ሰው አልነበረም። እንቅልፍ ነዋ። እንቅልፍን ማን ከሥራ ይቆጥራል?

«ሲሞቅ ላስቲኩ ይላላል፣ ፈሳሹም ይቀጥናል» አለች ሞ። «ሲቀዘቅዝ ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል። ፈሳሹ ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ ሽቦዎቹን ካገናኛቸው ቀዳዳው ይግላል። ባትሪው ደግሞ ጎረቤቱ ነው።» ቆም ብላ አየችው። «አባትህ ለስንት ሰዓት ነው የሚሰካው?»

ራኦ በጣቶቹ መቁጠር ጀመረ።

አባቱ ያለው በጂያንግሺ ተራሮች መካከል፣ መንደሩ በሙሉ ርችት በሚሠራበት ሻንግሊ ውስጥ ነው። የርችት መጋዘን የሌሊት ዘበኛ ነው። አርባ ዓመት ያጨሰ ሰው በመሆኑ ሱሱ ሲነሳበት ግቢውን ለቆ ከኮረብታው ጀርባ ድረስ ሄዶ ነበር የሚያጨሰው። ራኦ ከሙከራው ምርት አንድ ጠጠር የላከለት ለዚህ ነው። «እሳት የለውም» ብሎ ጽፎ። ባለፈው ሳምንት አባቱ ደውሎ ነበር። ከፈረቃ ወጥቼ ስተኛ እሰካዋለሁ፣ ስነሳ ሞልቶ ይጠብቀኛል ብሎ እየሳቀ። የሚተኛው ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ነው፤ የሚነሳው ስምንት ሰዓት። የሚተኛባት የዘበኛ ጎጆ ከመጋዘኑ አጥር ጋር የተለጠፈች ናት። ይህን ሁሉ ራኦ አንድ ቀን ምሳ ላይ ለሞ በኩራት አውርቶላት ነበር።

«ለስድስት ሰዓት ያህል» አለ። «ሳይነቅል።»

«እንግዲያው ዛሬ አላወርደውም።»

ስድስት ሰዓት ሆነ። ሠራተኞቹ በሉ፣ አጠቡ፣ አልጋ ዘረጉ፣ ተጋደሙ። መብራቱ አልጠፋም። አንድ ደቂቃ ጠበቁ። ሁለት ደቂቃ። ከዚያ ጉርምርምታው ከጠረጴዛ ሥር እየወጣ ተዛመተ።

«እትዬ ሞ፣ ዛሬ ተኛሽ እንዴ?»

«መርጣ መርጣ ዛሬ ተኛች!»

«ኧረ ዓይናችን ሊፈርጥ ነው!»

ሞ ከማብሪያው ፊት በርጩማዋን አድርጋ ተቀምጣለች። ጌታው ኳንግ በነጠላ ጫማ፣ የአንገት ትራሱን እንዳጠለቀ ከቢሮው ወጣ። ክፉ ሰው አይደለም፤ የሚነሳ የሚተኛው ከሠራተኞቹ ጋር ነው።

«ማን ነው መብራቱን የረሳው?»

«አልረሳሁትም፣ አለቃ።»

«ታዲያ አውርጂው።»

«ዘጠኝ ዓመት በዚህ እጄ አወረድኩት። ዛሬ እስከ ስምንት ሰዓት አይወርድም።»

ነገሩን በአጭሩ ነገረችው። ኳንግ በትዕግሥት ሰማትና አንገቱ ላይ ያለውን ትራስ እያስተካከለ፣ «አሥራ አንድ ቀን የፈረምሽበት ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ አለ» አላት።

«እሱኑ ነው የምፈትነው። የራሴን ፊርማ።»

«መኪናው በስምንት ሰዓት ይመጣል። ዛሬ ካልወጣ መርከቡ አይጠብቀንም። ይህን ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ። አራት ሰዓቱም በስምንት ነው የሚሞላው።»

ኳንግ ወደ ራኦ ዞረ። «አንተ ቦርዱ ያንተ ነው። ንገራት እንጂ። ይግላል ወይስ አይግልም?»

ሁለት መቶ ሰው ከጠረጴዛ ሥር አንገቱን አውጥቶ ያየዋል። ራኦ አይግልም ሊል አሰበ። ወረቀቱ እንደዚያ ይላል። ቢግል ጥፋቱ የላስቲኩ ብቻ እንዳልሆነ፣ አላቆም ብላ የምታጠጣው የእሱ ቦርድ እንደሆነች እሱ ብቻ ነው የሚያውቀው። ከዚያ የአባቱ ጎጆ ትዝ አለችው።

«አላውቅም» አለ።  «እስከ ስምንት ይቆይ።»

ኳንግ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። «ሰዎቹስ? በዚህ ብርሃን እንዴት ይተኙ?»

ከመጋዘኑ በር ወፍራሙ ሉዎ መሰላል ተሸክሞ ብቅ አለ። «ዳቦ እንኳን የማያስቆርስ ክርክር» አለ። ከጣሪያው ላይ ረጃጅሞቹን አምፖሎች አንድ በአንድ ያወልቃቸው ጀመር። «ሚስቴ ቤት አምፖል ቀይር ስትለኝ ወገቤን ያመኛል ነው የምላት። ማንም ቢነግራት ዋ!»

የመጨረሻው አምፖል ሲወልቅ ፎቁ ጨለመ። መደርደሪያዎቹ ላይ አራት መቶ ትናንሽ አረንጓዴ መብራቶች ቀሩ። ሰው ተመልሶ ተኛ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የሚያስፈልገው አንድ መሰላል ብቻ እንደነበር ራኦ ያኔ ገባው።

ስድስት ሰዓት ከአርባ ላይ ደረጃው ጋ ወጥቶ ወደ አባቱ ደወለ። ጠራ፣ ጠራ፣ ተቋረጠ። የርችት ግቢ ውስጥ ስልክ ይዞ መግባት ክልክል ነው። ስልኮቹ በር ላይ ባለች የቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ይቀመጣሉ። ሣጥኗ ውስጥ እየጮኸ እንደሆነ ያውቃል። በዚያ ላይ ቀትር ነው፤ በር ጠባቂውም ተኝቷል። ማን ያነሳዋል?

ሲመለስ ሞ መደርደሪያዎቹ መካከል ነበረች። ጣቷን ታስነካለች፣ በሹክሹክታ ትናገራለች።

«ሠላሳ ስምንት። ሠላሳ ስምንት። ሠላሳ ሰባት።»

ሰባት ሰዓት ሆነ። ሦስተኛው ሰዓት ሞላ።

«አርባ። አርባ። ሠላሳ ዘጠኝ።»

ሉዎ በሩ ላይ ተደግፎ ያያቸዋል። እንቅልፉ አምልጦታል። «እንዲያው ጠርጥር፣ ገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር ሆነብሽ እንጂ፣ ምንም የለም» አለ ቀስ ብሎ።

«አፍህን ዝጋና ያንን የአሸዋ ባልዲ አምጣልኝ» አለችው።

ለወትሮው የሚመልሰው አያጣም ነበር። አሁን ግን ሄዶ አመጣው።

ራኦ ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። አረንጓዴዎቹ መብራቶች ሁሉም «ሞልቻለሁ፣ ሞልቻለሁ» የሚሉ ይመስላሉ። እሱ ነው እንዲህ እንዲሉ ያደረጋቸው። አሁን አባቱ ጎጆ ውስጥ አንዷ እንዲሁ ታበራለች። ምንም ባይገኝ ይሻል ነበር። ምንም ባይገኝ ሞ ትዋረዳለች፣ እሱም አብሯት ይዋረዳል፣ አባቱ ግን ተኝቶ ይነሳል። ውርደቱን በሙሉ ልቡ ተመኘው።

ሰባት ሰዓት ከሃያ አምስት ላይ ሞ ቆመች። አፍንጫዋን ቀና አደረገች።

ራኦም ሸተተው። ማንጎ ነው። የበሰለ፣ ጣፋጭ፣ ሰው ልብስ ላይ የሚቀር ዓይነት።

«ሦስተኛው መደርደሪያ» አለች። «አታብራ። በጨለማው ይሻላል።» እየሸተተች ሄደች። ጣቷን አስነካች። «አርባ ሁለት። አርባ አንድ። አርባ…» ቀጣዩ ላይ እጇ ዘገየ። «ሃምሳ ስድስት።» ሳትጨርስ ጣቷን መንጭቃ ወደ አፏ ከተተች።

በጨለማው ውስጥ ከአንዲት አረንጓዴ መብራት ሥር ቀይ ነጥብ ታየች። የክብሪት ጫፍ አታህልም። ከዚያ እንደ ክር የቀጠነ ጭስ ወጣ።

«ጉጠት» አለች ሞ። ራኦ አቀበላት። ገመዱን መንጭቃ ቬፑን በጉጠት ይዛ ባልዲው ውስጥ ጣለችው። አሸዋው ውስጥ እንደ ተቆጣ ድመት ፍሽሽ አለ። ሉዎ ተጨማሪ አሸዋ አለበሰው። ሁለተኛው ከላይኛው ረድፍ ነበር፤ እሱ አልጨሰም፣ ነገር ግን ቀዳዳው ቡናማ ሆኗል። ሦስተኛው ከእሱ በስድስተኛው ቦታ ላይ ተገኘ።

ከአራት መቶ ሦስት። ራኦ ወደ አርባ ሺህ ማባዛት ጀመረና ተወው። እሱ የሚያስበው ስለ አንዷ ነበር።

ሮጦ ወደ ደረጃው ወጣ። አባቱ ጋ ደወለ፤ ጠራ፣ ተቋረጠ። የመንደሩ ሱቅ ባለቤት ጋ ደወለ።

«በዚህ ሰዓት ማን ነው?» አለች ሴትየዋ በእንቅልፍ ድምፅ። «የሰው ቀትር የማያከብር።»

«አክስቴ፣ ፔንግ ነኝ፣ የዘበኛው የራኦ ልጅ። ይቅርታ። አባቴ ጋ ሰው ላኪልኝ። አሁኑኑ። ያችን የላክሁለትን የሚያጨስባትን ነገር ከግድግዳው ይንቀላት በይልኝ። በእጁ እንዳይነካት፣ ገመዱን ብቻ ይሳበው።»

«ምን ሆነ?»

«ልትነድ ትችላለች።»

በስልኩ ውስጥ አንድ ነገር ሲወድቅ፣ የሰው ስም ሲጠራ፣ ሞተር ሲነሳ ተሰማ። ርችት በሚሠራ መንደር «ልትነድ ትችላለች» የሚባል ነገር ሁለት ጊዜ አይጠየቅም። ሞተር ብስክሌቱ ግን በሩ ላይ መቆም አለበት። ከበሩ እስከ ጎጆዋ ያለው ሽቅብ በእግር ነው። ራኦ መንገዱን ያውቀዋል፤ በልጅነቱ ለአባቱ ምሳ ያመላልስበት ነበር።

ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ሞ መጥታ ከአጠገቡ ተቀመጠች። የተቃጠለ ጣቷን በውኃ በራሰ ጨርቅ ጠቅልላዋለች።  አይዞህ አላለችውም። ሰባት ሰዓት ከአርባ ሆነ። ሰባት ከሃምሳ። ውስጥ መብራት ያልቀሰቀሳቸው ሠራተኞች ዘግይተው እየተነሱ አልጋ ሲያጥፉ ይሰማል።

ሰባት ሰዓት ከሃምሳ አምስት ላይ ስልኩ ጮኸ።

«አንተ ልጅ» አለ አባቱ፣ እስከ በሩ ወርዶ ስልኩን ከሣጥኗ አውጥቶ። «አገሩን በሙሉ ከእንቅልፉ የቀሰቀስከው ምን ሆነህ ነው? የሱቋ ባለቤት ባል በካልሲ መጣብኝ።»

ራኦ ከደረጃው ተነሣ። «አባዬ፣ ነቀልካት?»

«ነቅያታለሁ። ምን ልትሆን? ብረት ድስት ውስጥ ናት።»

«የት?»

«አሮጌው ብረት ድስት ውስጥ ነዋ፣ ደጅ፣ ድንጋዩ ላይ። ገመዷን በመስኮት አውጥቼ ነው የምሰካት። አርባ ዓመት ከባሩድ ጋር ኖሬ የማላውቀውን ነገር ከራስጌዬ ላድርግ? አብደሃል?»

«ደህና ናት?»

 አባቱ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እንግዲህ… ከሳምንት በፊት ጀምሮ ያልባታል። መሰኪያዋ ላይ ጠቁራለች። በጨርቅ እየጠረግሁ ነው የምጠቀምባት።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«አንተ የሠራሃት ነች ብዬ እኮ ነው» አለ አባቱ። «ምን ብዬ ልንገርህ?»

ራኦ ስልኩን ዘግቶ ፊቱን በክንዱ ሸፈነ። ሞ ተነሥታ ወደ ውስጥ ገባች።

በስምንት ሰዓት መኪናው መጣ። ኳንግ በነጠላ ጫማው ወርዶ ሹፌሩን አናገረው። ሹፌሩ ተሳደበ፣ ኳንግም መልሶ ተሳደበ፣ ሲጋራ ተቀባበሉ፣ መኪናው ባዶውን ተመለሰ። ኳንግ ወደ ላይ ሲወጣ አልጮኸም። ባልዲው ጋ ቆሞ አሸዋው ውስጥ የተቀበረውን ለረጅም ጊዜ አየ።

«ላስቲኩ ይቀየራል» አለ በመጨረሻ። «አርባ ሺውም ይከፈታል። አንተ ደግሞ» አለው ራኦን፣ «ያችን ቦርድህን ስትጠግብ መብላት አቁሚ በላት።»

«እሺ፣ አለቃ።»

«አባትህስ?»

«ብረት ድስት ውስጥ ነው የሚያስቀምጣት።»

ኳንግ ራሱን ነቀነቀ። «እሱን ነበር መቅጠር።» ከዚያ ግድግዳው ላይ ካለው የፈተና ወረቀት ፊት ቆሞ እስክሪብቶ ጠየቀ። «አራት ሰዓት» ከሚለው ቀጥሎ «ሳይቋረጥ» ብሎ ጻፈበት። ወደ ሞ ዞሮ ሊናገር ሲል እሷ ቀደመችው።

«እኔም ነኝ ያጠፋሁት፣ አለቃ። ነቅቼ ቁጭ ብዬ በየቀኑ አየው ነበር።»

«ሁላችንም ተኝተን ነበር» አለ ኳንግ። «የነቃሽው አንቺ ብቻ ነሽ፤ አንቺን ልቆጣ?»

ሉዎ አምፖሎቹን መልሶ እየገጠመ ከመሰላሉ ላይ፣ «እሷን የሚቆጣ ሰው ካለ ይህን መሰላል ይያዝልኝ» አለ። ሰው ሳቀ። ማሽኖቹ ተነሡ፤ ካርቶኖች ከምድር ቤት እየተጫኑ ይወጡ ጀመር፤ ፎቁ በጫጫታ ተሞላ።

ራኦ የፈተናውን ሪፖርት ጽፎ ሊያስፈርማት ወደ ሙቁ ክፍል ሄደ። በርጩማው ባዶ ነበር። ፈለጋት። ሉዎ በጣቱ ከንፈሩን ዘግቶ ወደ ጥግ ጠቆመው።

የራኦ ታጣፊ አልጋ ላይ በጎኗ ተጋድማለች። ጫማዋን አላወለቀችም። በጨርቅ የተጠቀለለችው ጣቷ ከአልጋው ወጥታ ተንጠልጥላለች። ሁለት መቶ ሰው ይሠራል፣ ይጮኻል፣ ካርቶን ይቀድዳል፤ ብርሃኑ ፊቷ ላይ ነው፤ እሷ አፏን ከፈት አድርጋ ተኝታለች። ራኦ ለምን አሁን ብሎ ራሱን ጠየቀ። ለምን በዚያ ሁሉ ጸጥታ ሳይሆን በዚህ ሁሉ ጫጫታ? ይህንንም ሊመልሰው አልቻለም።

ሪፖርቱን ከበርጩማው ላይ አስቀመጠው። ኮቱን አውልቆ ደረበላት። መደርደሪያው ላይ ያለውን ሰዓት ቀና ብሎ አየ፤ ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ ነበር፤ አንድ ሰዓት ተኩል ቆጠረላት።